ጉዳዩ፦ ያለ አንዳች ፊርማ ለተፈጸመ የተፋሰስ ትብብር ምስጋና ስለ ማቅረብ

ለክቡር እምቦጭ
ጣና ሐይቅ፣ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በጀልባ የሚመላለስ ሰው ሁሉ የእርስዎን ደኅንነት በዓይኑ ስለሚያየው ጥያቄው ትርፍ ነው ብዬ ተውኩት። የእኛን ጤንነት እርስዎ ጠይቀው ባያውቁም፣ ደብዳቤዬ ጥቂት ገፋ ካለ በኋላ ሳልጠየቅ እመልሳለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ፣ ስለ ድንበር ተሻጋሪ ውሃዎች የጋራ አጠቃቀም በሐይቁ ዳር በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ ወረቀት አዳይ ሆኜ መዋሌ ነው። ከተናጋሪዎቹ አፍ “ትብብር” የሚለው ቃል ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ከዋለ በኋላ፣ ለሻይ ዕረፍት ወደ በረንዳው ስንወጣ፣ አንድ የእርስዎ ቁራጭ በነፋስ እየተገፋ፣ ሐምራዊ አበባውን ቀጥ አድርጎ፣ ከእግራችን ሥር ሲያልፍ አየሁ። ባጅ አላንጠለጠለም፤ የውሎ አበል ቅጽ ላይም አልፈረመም። በዚያ ግቢ ከነበርነው መካከል የዓባይን ተፋሰስ አገሮች በአካል ያዳረሰው እሱ ብቻ መሆኑን ስገነዘብ፣ እስከዚያች ቀን ያጨበጨብኩት ሁሉ በተሳሳተ አድራሻ የሄደ መስሎ ተሰማኝ።

የሕይወት ታሪክዎን ባጭሩ ላስታውስ። ትውልድዎ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ለኩሬ ጌጥ ተብለው ግብፅ ገቡ፤ ግብፃውያንም እስከ ዛሬ “ወርድ ኤን ኒል”፣ ማለትም የዓባይ ጽጌረዳ፣ እያሉ ያቆላምጡዎታል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መገባደጃ በሱዳን ነጭ ዓባይ ላይ ታዩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደግሞ በካጌራ ወንዝ ተሳፍረው ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ወረዱና የኡጋንዳን፣ የኬንያንና የታንዛኒያን ወደቦች ያለ ልዩነት ዘጉ። በጣና ላይ መኖርዎ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ውሃ ሽቅብ አይፈስም፤ እርስዎም የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ዘለው አልወጡም፤ ስለዚህ ወደ እኛ ያመጣዎት የሰው እጅ፣ መረብ ወይም ጀልባ መሆኑ አይቀርም፤ እስከ ዛሬም “እኔ ነኝ” ያለ የለም። አባቶቻችን “ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል” ብለው የተረቱት እርስዎን ከማወቃቸው በፊት ነው። እርስዎ እንደ ግንዱ ዞረው፣ ማደሪያውንም አግኝተው፣ ተረቱን ከሁለት ወገን አፍርሰውታል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ፍሬ ነገር ልግባ። የተፋሰሱ አገሮች እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 ዳሬሰላም ላይ ተሰብስበው የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭን መሠረቱ፤ ጽሕፈት ቤቱንም እርስዎ አስቀድመው በተደላደሉበት በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ኢንቴቤ ላይ አደረጉት። የትብብር ማዕቀፍ ስምምነቱ በግንቦት 2010 ለፊርማ ተዘረጋ፤ በሥራ ላይ የዋለው ግን ስድስተኛዋ አጽዳቂ ደቡብ ሱዳን ከመጣች በኋላ በጥቅምት 2024 ነው። ግብፅና ሱዳን አልፈረሙም። ስለ ውሃ ዋስትና የምትናገረው አንቀጽ 14(ለ) ደግሞ ሁሉን የሚያስማማ ቃል ስለታጣላት፣ እንደ ተጣላ ዘመድ “በኋላ እንነጋገርባታለን” ተብላ ወደ አባሪ ተላከች። እርስዎ በበኩልዎ ሙቀትና ምግብ ከተመቸዎት በ2 ሳምንት እጥፍ ይሆናሉ። በ14 ዓመት ውስጥ 364 ሁለት ሳምንታት እንዳሉ ቆጥሬ፣ ማንም ባይነካዎት ከአንድ ተክል ተነሥተው የት ይደርሱ እንደ ነበር በስልኬ ለማስላት ብሞክር፣ መሣሪያው ስሕተት ነው ብሎ ዘጋብኝ።

በኒው ዮርክም ቢሆን ከእርስዎ የምንማረው አለ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም አቀፍ የውሃ አካላትን ስምምነት ለድምፅ ሲያቀርብ አገራችን ድምፀ ተአቅቦ አደረገች፤ ግብፅም ተአቀበች፤ በዓባይ ጉዳይ ከካይሮ ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ የሰጠንባት ያቺ ብርቅ ቀን በየዓመቱ ብትከበር አልጠላም። በሐምሌ 2010 ንጹሕ ውሃና የንጽሕና አገልግሎት የሰው ልጅ መብት ነው የሚለው ውሳኔ ያለ አንድ ተቃውሞ በ122 ድምፅ ሲጸድቅም ከ41ዱ ተአቃቢዎች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የራሱን ሽንት ቤት ጉዳይ በተአቅቦ ያለፈ ሕዝብ ልጅ ነኝና በዚህ ረገድ ለመውቀስ ሥልጣኑ የለኝም።

እርስዎ ግን ተአቅበው አያውቁም፤ የቀረበልዎትን ሁሉ ይበላሉ። በስብሰባ ላይ “ወራሪ መጤ አረም” እየተባሉ ሲረገሙ ዝም ብዬ የማዳምጠው፣ ማን እንደሚቀልብዎት ስለማውቅ ነው። ባለሙያዎች ናይትሮጂንና ፎስፈረስ የሚሏቸው ምግቦችዎ በመንደር ቋንቋ ሲተረጎሙ ከማሳ የታጠበ ዳፕና ዩሪያ፣ ከተራቆተ ተራራ የወረደ አፈር፣ እንዲሁም፣ ለአንባቢ ይቅርታ ይሁንና፣ ዓይነ ምድር ናቸው። መገጭ ከጎንደር ወገን ሲወርድ ባዶ እጁን አይመጣም፤ እርስዎም መጀመሪያ የሰፈሩት በእሱ አፍ አካባቢ መሆኑ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ቤት የመሥራት ብልኀት ነው። ርብና ጉማራም ከፎገራ በኩል የየድርሻቸውን ያዋጣሉ። በሐይቁ ዳር ቧንቧቸውን ወደ ውሃው ያዞሩ የእንግዳ ማረፊያዎችና መኖሪያዎችም አሉ፤ ስም አልጠራም።

ስም የማልጠራው ጨዋ ሆኜ እንዳይመስልዎት። የእኛ ግቢ ጉድጓድ ከሞላ ሰንብቷል። የመምጠጫ መኪናው ወረፋ ረጅም ነው፤ ዋጋው ደግሞ ለወር ደመወዝተኛ የሚነገር አይደለም፤ መኪናው መጥጦ ሲሄድም የት ወስዶ እንደሚደፋው የሚጠይቅ ጎረቤት እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ የሰፈራችን ልማድ ሐምሌን መጠበቅ ነው። ኃይለኛ ዝናብ በሌሊት ሲወርድ፣ ልጆች ሲተኙ፣ የጉድጓዱ ማፍሰሻ በእርጋታ ይከፈታል፤ ጎርፉ ወደ ቦዩ፣ ቦዩም ወደ እርስዎ ያደርሰዋል። በማግሥቱ ጠዋት ከጎረቤቶቼ ጋር ስንገናኝ ስለ ዝናቡ ብርታት እንጨዋወታለን እንጂ ስለ ሽታው ማንም አያነሣም። በመካከላችን የተጻፈ ስምምነት የለም፤ ተጥሶም አያውቅም።

ሳልጠየቅ እመልሳለሁ ያልኩት የጤንነታችን ጉዳይም ከዚሁ ይቀጥላል። የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ተፈልፍሎ ወደ ቀንድ አውጣ ይገባል፤ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ደግሞ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በዚህ ጉዞ ውስጥ የእርስዎ ድርሻ ለቀንድ አውጣው ጥላና ጎጆ መስጠት ነው፤ ተሳፋሪውን የምንልከው እኛ ነን። ደምቢያ ያለ የአጎቴ የልጅ ልጅ በትምህርት ቤት ፕራዚኳንቴል የተባለውን ኪኒን ይውጣል። ኪኒኑ አንድ የጀርመን መድኃኒት አምራች በዓለም ጤና ድርጅት በኩል የሚለግሰው ነው፤ ቁጥሩም የሚወሰነው ልጁ ምልክት ከተደረገበት እንጨት ጋር ቆሞ በቁመቱ ተለክቶ ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ውቅያኖስ የተሻገረ ትብብር ልጁ ሆድ ውስጥ በሰላም ከደረሰ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ልጁ ከብት ሊያጠጣ ወደዚያው ውሃ ይወርዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ከእንጨቱ ጋር ሲቆም ጥቂት አድጎ ስለሚገኝ ኪኒን ይጨመርለታል፤ ይህም በዘገባ ላይ እንደ ዕድገት ሊታይ ይችላል።

የወባ ትንኝ በቅጠልዎ መካከል በተኛ ውሃ ላይ ስለምታደርገው አላወራም። ስለ ኮሌራም እንዲሁ፤ እኛ ዘንድ ለዓመታት ኮሌራ ገባ ተብሎ አይነገርም ነበር፤ “አተት” የሚል ትሑት ምሕፃረ ቃል ስላበጀንለት በሩን ሳያንኳኳ ይገባ ነበር።

ዘመቻዎቻችንን እንዳላነሣ ውለታ ቢስ አልሁን። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ገበሬው ሥራውን ጥሎ፣ ብዙው ያለ ቡት፣ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅልዎት ከረመ። ከላይ ስለ ቀንድ አውጣውና ስለ ቆዳው የነገርኩዎትን እዚህ ላይ ደግመው ቢያነቡት፣ አረሙን ለማጥፋት የወጣው ሰው በልዋጩ ምን ይዞ ሊገባ እንደሚችል ይገባዎታል። ጎብኚዎች ግን ቡት ነበራቸው። ንጹሕና አዲስ ቡት ያደረገ እንግዳ ከመኪና ወርዶ፣ አንድ ተክል ከሥሩ ነቅሎ፣ እስኪነሣ ድረስ ወደ ካሜራው ዘርግቶ ሲቆም በተደጋጋሚ ተመልክቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ተክሉን የት እንደ ጣለው ለማየት ማንም አይቆይም። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ገንዘብ አዋጥተው ማሽን ልከዋል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነዳጅ ሲገኝ ነጂ፣ ነጂ ሲገኝ መለዋወጫ እየጠፋ፣ ማሽን ከሥራው ይልቅ በማረፉ ሲታወቅ ከርሟል። እርስዎ በዚህ ሁሉ መካከል ዘርዎን ጭቃ ውስጥ ቀብረዋል፤ ዘርዎ 15 እና 20 ዓመት ሳይበሰብስ እንደሚቆይ እያወቁ የእኛን የበጀት ዘመን ማየት እንዴት ያስቅዎት ይሆን?

መድኃኒት አልተፈለገልዎትም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 የሉዊዚያና ተወካይ የሆኑ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል፣ የደቡቡን ወንዞች የዘጋውን ወገንዎን እንዲበሉ ከአፍሪካ ጉማሬ ለማስመጣት 250,000 ዶላር የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ አቅርበው ነበር፤ ጉማሬዎቹም በተራቸው ለሥጋ ይውላሉ ተብሎ ታስቦ። ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ። እኛ ጉማሬውን በነፃ አግኝተናል፤ እሱ ግን በሌሊት ወጥቶ የገበሬውን ሰብል መብላት ይመርጣል፤ ጥሩ ምግብ ከማን እንደሚገኝ የሚያውቀው እርስዎ ብቻ አይደሉም።

ከልብዎ የደነገጡት፣ እኔ እስከማውቀው፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። ኔኦኬቲና የሚባሉት፣ ከእርስዎው አገር የተወለዱት ትናንሽ ነቀዞች በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ላይ ተለቀቁ፤ የኡጋንዳ፣ የኬንያና የታንዛኒያ ባለሙያዎች በየዳርቻው በገንዳ እያራቡ፣ ዓሣ አስጋሪዎችም እያገዟቸው፣ በየእምቦጩ ላይ አሰማሯቸው። በ1998 ገደማ ጫፍ የደረሰው ግዛትዎ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተኮማተረ፤ የዚያን ዘመኑ የኤልኒኞ ማዕበልና ደመናማ ሰማይም አግዟል። ሦስት አገሮች በነቀዝ ላይ ያለ ብዙ ክርክር ተስማሙ። በፍሳሽ ላይ ግን አልተስማሙምና፣ ነቀዙ ሲያርፍ ወጥ ቤቱ አልተዘጋም ነበር፤ ተመልሰው መምጣትዎን ሰማሁ።

ክቡር ሆይ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ከፊት ረድፍ ወንበር፣ ባጅና የታሸገ ውሃ እንዲዘጋጅልዎት ለአዘጋጆቹ አመለክታለሁ። የታሸገው ውሃ በነገራችን ላይ ለእኛም የሚቀርበው እሱ ነው፤ ስለ ጣና ለመነጋገር በጣና ዳር የተሰበሰበ ሰው ከጣና ሲጠጣ አላየሁም፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው አሁን በፕላስቲክ ተፈትቷል። የግል ጉዳዬን በተመለከተ፣ ሰኔ እየተጋመሰ ስለሆነ ብዙ አይጠብቁም።

ከሰላምታ ጋር

አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለመገጭ ወንዝ፣ እንደተለመደው ለማድረስ
ለጎረቤቶቼ፣ በሌሊት ለሚነበብ መረጃ
ለቤቴ ጉድጓድ፣ ለሐምሌው ዝግጅት