መስኮት የሰበረ ልጅ ሜዳ ቢዞር መስታወቱ አይጠገንም

ባለፈው ሳምንት ጠዋት በአንድ የጅማ ትምህርት ቤት አጥር በኩል ሳልፍ ያየሁት ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሚመስል ልጅ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ የጨቀየውን ሜዳ ብቻውን ይዞራል። በአንድ እጁ ሱሪውን ከወገቡ ይዟል። አንዱ የፕላስቲክ ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀርቶ በባዶ እግሩ ያነክሳል። ዘበኛውን ምን አጥፍቶ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። በኳስ የክፍሉን መስኮት ሰብሮ ነው፤ ኳሱ ተወርሶበታል፤ ቅጣቱም አሥር ዙር ነው። "ገና ስድስተኛው ነው" አሉኝ እያዘኑ። መስኮቱንም አየሁት፤ ካርቶን ተለጥፎበታል።

ያ ሁሉ ሩጫ ለማን ተከፈለ? መስኮቱ አልተሠራም፤ ከካርቶኑ ሥር የሚቀመጡት ልጆችም ዝናቡ በመጣ ቁጥር ደብተራቸውን ማሸሻቸው አይቀርም። እኛ ካሳ የሚባል ትልቅ ቃል ያለን ሰዎች ነን። ሽማግሌ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው የተጎዳው ማነው፣ ጉዳቱስ በምን ይካሳል የሚለው ነው። እዚሁ በአካባቢያችን ጉማ የሚባለው የኦሮሞ ሥርዓት ደም ሳይቀር ያስታረቀው የገዳይ ወገን ለሟች ወገን እንዲክስ አድርጎ ነው። በትልልቅ ሰዎች መካከል ይህን ያህል የምናውቀውን ነገር ልጅ ላይ ስንደርስ ለምን እንደምንረሳው አይገባኝም።

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ የልጆችን የሥነ ምግባር ፍርድ ያጠናው ብይ ሲጫወቱ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ሕጉን ማን እንዳወጣው እየጠየቀ ነበር። በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው ውስጥ ያለችውን አንዲት ታሪክ ቅዳሜ ዕለት ቡና ሲፈላ ለሁለት ልጆቼ ነገርኳቸው። አንድ ልጅ ከበር ኋላ ሲኒ መኖሩን ሳያውቅ በሩን ሲከፍት 15 ሲኒ ሰበረ። ሌላው እናቱ በሌለችበት ከቁም ሳጥን ማርማላታ ሊሰርቅ ተንጠራርቶ 1 ሲኒ ሰበረ። ማን የበለጠ አጠፋ? የስድስት ዓመቷ ልጄ ዓይኗን ከረከቦቱ ሳታነሳ "15 የሰበረው!" አለች። አሥር ዓመት የሞላው ወንድሟ ደግሞ "እሱ እኮ አላወቀም" ብሎ ተቆጣት። ፒያዤ ያገኘውም ይህንኑ ነው፦ ትንንሾቹ ጉዳቱን ይቆጥራሉ፣ ከፍ ሲሉ ሐሳቡን ይመዝናሉ።

ስለ ቅጣቱ ስጠይቃቸው የመለሱልኝ ግን ከዚህም በላይ አስገረመኝ። ትንሿ "ይንበርከክ" አለች። ወንድሟ ጥቂት አሰበና "ገንዘብ የለውም አይደል? እናቱ ሲኒ ልትገዛ መርካቶ ስትሄድ ዘንቢሉን ይያዝላት" አለ። ፒያዤ ከጥፋቱ ጋር ዝምድና የሌለውን፣ ለማሳመም ብቻ የሚሰጠውን ቅጣት ከካሳ ለይቶ አይቶት ነበር፤ ልጆች እያደጉ ሲሄዱም ወደ ካሳው እንደሚያዘነብሉ ጽፏል። አሥር ዙር የምናስሮጥ እኛ እንግዲህ በስድስት ዓመት ልጅ ፍርድ ላይ ቆመናል።

በርካታ ልጆች በታጨቁበት ክፍል ሥርዓት ማስከበር ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁ፤ መምህራኑን አልወቅስም። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አለንጋው ሲቀር ቁጭ ብድጉና ዙሩ ተተኩ፤ ቅጣቱ ግን ያው በልጁ አካል ላይ ነው።

ሌላም ጉዳት አለው። ሩጫን የቅጣት ስም ሰጥተን ስናበቃ፣ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ በደስታ ሩጥ እንለዋለን። ያም ክፍለ ጊዜ ቢሆን ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ ባመለጠ ቁጥር "ማካካሻ" ተብሎ የሚወሰደው እሱ ነውና። የተወሰደበት ልጅ ግን ማን ይክሰዋል? የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል።

"ግድ የለም፣ ሰፈር ገብተው ይጫወታሉ" የሚሉ አሉ። መሠረት የለውም አልልም። በእንግሊዟ ፕሊመዝ ከተማ በሦስት ትምህርት ቤቶች 215 ልጆች ላይ ተደርጎ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ በሳምንት 9 ሰዓት ስፖርት ያላቸውና 2 ሰዓት እንኳ የማይሞላላቸው ልጆች በጠቅላላ እንቅስቃሴያቸው እንደሚቀራረቡ አሳይቷል። በትምህርት ቤት ያነሰባቸው ውጪ አካክሰውታል። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶች ሁሉ በዚህ አይስማሙም። ቢስማሙም እንኳ ልጅ የጎደለበትን የሚያካክሰው ቦታ ሲኖረው ነው። የእኛ ሰፈር ልጆች ኳስ ይጫወቱበት የነበረው ባዶ ቦታ ዛሬ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ መንገዱን ባጃጅ ይዞታል፤ ዝናቡ ደግሞ የጅማ ዝናብ ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ በየመንገዱ የዘለሉት ልጆች ታናናሾች የት ይጫወቱ?

የዚያ ትምህርት ቤት ኃላፊዎች ይህን ካነበቡ የምለምናቸው ጥቂት ነው። ልጁ ከወላጁ ጋር መጥቶ የመስኮቱን ልክ ይውሰድ፤ መስታወት ቤት አብሮ ይሂድ፤ ሲገጠም ቆሞ ይይ፤ ከካርቶኑ ሥር ሲቀመጡ የከረሙትንም ልጆች ይቅርታ ይጠይቅ። ኳሱም ይመለስለት።