ስለ ገለጻ ጎጂነት የተሰጠ የሦስት ሰዓት ገለጻ

ለኮሌጅ መምህራን የሚሰጠውን የማስተማር ክህሎት ማሻሻያ ሥልጠና የሚያንኳስሱ አልጠፉም። ምቀኛ አያሳጣው! እኔ ግን ስድስት ጊዜ ሠልጥኜ ስድስት የምስክር ወረቀት የሰቀልኩ ሰው ነኝና ውለታውን አልክድም።

የመጨረሻው «ከገለጻ ወደ አሳታፊ ትምህርት» ይባል ነበር። አሠልጣኙ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ገለጻ ተማሪን እንዴት እንደሚያደነዝዝ በ94 ስላይድ ገለጹልን። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመውን፣ በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ትምህርቶች ላይ የተሠሩ 225 ጥናቶችን ያጠቃለለውን ምርምርም አልዘለሉትም፦ በገለጻ ብቻ የሚማር ተማሪ የመውደቅ ዕድሉ በአሳታፊ ዘዴ ከሚማረው 1.5 እጥፍ ይበልጣል። ፊደሉ እንደ ጉንዳን የደቀቀ ስለነበር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አነበቡልን። ሲዞሩ ግማሹ አዳራሽ አንቀላፍቷል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ቀጥሎ የኮርስ ዝግጅት መጣ። «በትምህርት ዓላማ ላይ ‹መረዳት› የሚል ግስ እንዳትጽፉ፤ አይለካም» አሉን። የትምህርት ዓላማዎችን በደረጃ በሚከፍለው፣ በተከለሰው የብሉም ፒራሚድ ላይ ሁለተኛው እርከን ራሱ «መረዳት» ይላል፤ ግድ የለም፣ ፒራሚዱ ተሳስቶ ይሆናል። ቁልፉን ሲጫኑ የሚከተለው ስላይድ ብቅ አለ፦ «የሥልጠናው ዓላማ፦ ሠልጣኞች የዓላማ አጻጻፍን እንዲረዱ»።

ከሰዓት ሙድል የሚባለውን፣ ኮርስ በኢንተርኔት የሚሰጥበትን ሥርዓት ተማርን። የይለፍ ቃል ፈጠርኩ፣ ኮርስ ከፈትኩ፣ በመግቢያው ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብዬ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ የመጣ ሰው የለም። የይለፍ ቃሉ ስለጠፋኝ እኔም አልተመለስኩም።

የሥልጠናው ትልቁ ጸጋ ግን ሌላ ነው፤ መምህሩን ራሱን ተማሪ ያደርገዋል። በመጀመሪያ የሚሞላው የኋላው ረድፍ ነው። አምስት ደቂቃ ያረፈደ ተማሪ የሚመልሱት ባልደረባችን ከ40 ደቂቃ በኋላ በጎን በር ሹልክ ብለው ገቡ። ደግነቱ ወዳጃቸው ቀድመው ፈርመውላቸዋል። በቡድን ሥራ ላይ አንዲት መምህርት ብቻቸውን ሲጽፉ አራታችን ስልካችንን ጎረጎርን፤ ለማቅረብ የተነሣሁት ግን እኔ ነኝ፦ «ቡድናችን በስፋት ተወያይቶበታል።»

ማምሻውን አሠልጣኙ «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ አዳራሹ ጸጥ አለ። ከመጨረሻው ረድፍ አንድ እጅ ተነሣ። «ይህ ፈተና ላይ ይመጣል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ደማቸውን የሚያፈላው ያ አርፋጅ ባልደረባችን ናቸው።

«የምስክር ወረቀቱ» አሉ፣ «ዛሬ ነው ወይስ ነገ?»