መሠረቱ ብቻ እውነት

ማታ ማታ ወንጀል እመረምራለሁ። ሶፋ ላይ ተጋድሜ፣ ሪሞት ይዤ። እስካሁን ያመለጠኝ ገዳይ የለም። የመጨረሻው ክፍል ላይ ሁሌም እደርስበታለሁ፤ እርግጥ ዳይሬክተሩም የሚነግረኝ እዚያው ላይ ነው።

ሲጀምር ጥቁር ስክሪን ላይ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ብልጥ አባባል ናት። መሠረቱን እንጂ ቤቱን እውነት ነው አላለችማ! መሠረቱ የፖሊስ መዝገብ ነው፤ ግድግዳው፣ መስኮቱና በረንዳው የደራሲው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው «ፋርጎ»ማ «የተመሠረተ» እንኳ አላለም። በ1987 ሚኒሶታ ውስጥ የሆነ እውነተኛ ታሪክ ነው፣ ለሟቾቹ ክብር ሲባልም ከስም በቀር ምንም አልተቀየረም ብሎ ጀመረ። ታሪኩ ፈጠራ ነበር። ያልተወለዱ ሰዎች በሟችነት ተከበሩ።

እሱስ ፊልም ነው፣ ይሁን። እኔን የሸወደኝ ዘጋቢ ፊልሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤችቢኦ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ያሳየው «ዘ ጂንክስ» ስለ ሮበርት ደርስት ነው፤ በግድያ የተጠረጠረ የኒውዮርክ ሪል ስቴት ከበርቴ ልጅ። መጨረሻ ላይ ሰውየው ከቃለ መጠይቁ ተነሥቶ መታጠቢያ ቤት ይገባል። ማይኩን ግን አላወለቀም። ብቻውን ያጉረመርማል። «ምን አባቴ ነው ያደረግሁት?» ይላል። ቀጥሎ፣ «ሁሉንም ገደልኳቸው እንጂ።» እኔ ከሶፋዬ ብድግ! ራሱን ጠይቆ ራሱ መለሰ እኮ!

ኋላ የድምፁ ሙሉ ግልባጭ ለፍርድ ቤት ሲቀርብ ነገሩ ሌላ ሆነ። «ገደልኳቸው» ያለው ቀድሞ ነው። ከዚያ ሌላ ሌላ ነገር ሲያጉረመርም ቆይቶ ነው «ምን አደረግሁ» ያለው። ጥያቄና መልስ ያደረጋቸው መቀስ ነው። በ2021 በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ስለተባለ ለእሱ አላዝንም። ግን ቃሉ የእሱ ሆኖ አራት ነጥቡ የኤዲተሩ መሆኑ ትንሽ ከነከነኝ።

ኔትፍሊክስ ደግሞ በ2022 ስለ አሜሪካዊው ተከታታይ ነፍሰ ገዳይ ጄፍሪ ዳመር ባቀረበው ተከታታይ ድራማ ላይ፣ ፖሊስ ብትጠራ ብትጠራ ሰሚ ያጣችው ጎረቤት ግድግዳ ለግድግዳ የምትኖር ናት። እውነተኛዋ ሴት የምትኖረው አጠገቡ ባለ ሌላ ሕንጻ ውስጥ ነበር። ያለ ኪራይ ውል ቤት አስለወጧት። የዲኤንኤ ውጤት ማስታወቂያ ሳይገባ የሚደርስበትን ፍጥነትማ ተዉት።

ይህን ሁሉ ፊልሙን እያቆምኩ ለባለቤቴ አስረዳታለሁ። «ኧረ ዝም በልና እንይበት!» ትለኛለች።

ቅዳሜ እንግዶች መጡና ስለጠፋው ስልኬ ተነሣ። እኔም ጀመርኩ። «ሁለት ናቸው። አንዱ ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለው። ጨለማ ነው። ዝናብ ነው። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ…»

«ባለፈው አንድ ነበር» አለች ባለቤቴ። «ደግሞ ስልኩን ታክሲ ውስጥ ረስተኸው አይደል እንዴ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም ወደ መሬት አየሁ።

«ተያ፣ ይጨርስበት!» አሉ እንግዶቹ ተቆጥተው። «እሺ፣ ባለ ጠባሳውስ?»