እርማት፦ ስለ ኪቲ ጄኖቬዝ እና ስለ «38ቱ ተመልካቾች»

«ሰው ሁሉ በውስጡ ሳይኮፓት (ለሌላው ስቃይ የማይራራ) ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ ኪቲ ጄኖቬዝ ስትገደል 38 ጎረቤቶቿ በመስኮት እያዩ ዝም ብለዋል» የሚለው ነገር ሲደጋገም አየሁ። በአክብሮት ላርመው።

ግድያው እውነት ነው። ቁጥሩን ያሰራጨው የኒውዮርክ ታይምስ ዘገባ ነው። ግን ሌሊት ነበር፤ ብዙዎቹ የሰሙት ጩኸት ብቻ ነው። አንድ ጎረቤት በመስኮት ጮኾ ገዳዩን አባሮት ነበር። ተመልሶ ያጠቃት ከሕንጻው ጀርባ፣ ከአብዛኛው ሰው እይታ ውጭ ነው። ጎረቤቷ ሶፊያ ፋራር ደግሞ ገዳዩ ይኑር ይሂድ ሳታውቅ ሮጣ ወርዳ አቅፋታለች። ይቺ ሴት ከታሪኩ መውጣቷ በጣም ያሳዝነኛል።

ማጣራት ለሚፈልግ፣ ጋዜጣው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 የገዳዩን ሞት ሲዘግብ የቀድሞው ዘገባ ስህተት እንደነበረበት አምኗል። በእንግሊዝ፣ በኔዘርላንድስና በደቡብ አፍሪካ ካሜራ የቀረጻቸውን 219 የአደባባይ ጸቦች የመረመረ ጥናትም አለ። ከ10 በ9ኙ ቢያንስ አንድ ሰው መሀል ገብቷል።

የምፈራው ይሄን ነው፦ «ማንም አይደርስልኝም» ብሎ ያመነ ሰው ኡኡ ለማለት እንኳ ያመነታል።