ካፒቴኑ ባል፣ በረኛዋ ሚስት

እንግሊዝ አገር ገንዘብ ከፍሎ የቀን ሠራተኛ መሆን ይቻላል። ስሙም የዕረፍት ጉዞ ነው። ናሮውቦት የምትባለውን ቀጭን ጀልባ ተከራይቶ፣ ከበርሚንግሃም ደቡብ ጫፍ ከኪንግስ ኖርተን ተነሥቶ፣ በቦይ ወደ ስትራትፎርድ አፖን ኤቨን መውረድ። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለጀልባ ሦስት ቀን ይፈጃል። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ቢሆንም እሱንም የሚደርስበት የለም። ውሻቸውን የሚያናፍሱ አዛውንት ሰላምታ ሰጥተው ቀድመው ይሄዳሉ። እንዲያም ሆኖ ዳር በታሰረ ጀልባ አጠገብ ሲታለፍ፣ ከነሻይ ኩባያው በመስኮት ብቅ ብሎ «ቀስ በሉ እንጂ!» የሚል አይጠፋም።

በመንገዱ ላይ ከ50 በላይ ሎኮች አሉ። ሎክ በሁለት ጫፉ በር ያለው የግንብ ጉድጓድ ነው፤ በውሃ የሚሠራ አሳንሰር በሉት። የጀልባዋ ስፋት 2.08 ሜትር፣ የሎኩ ከዚያ በጥቂት ሳንቲሜትር ይበልጣል። የጎን መከላከያውን አንጠልጥሎ የገባ እዚያው ይቀረቀራል።

የትዳር ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ባል ከኋላ ቆሞ የመሪውን ዘንግ ይይዛል፤ ኮፍያም አለው። ሚስት የድሮ መኪና ማኖቤላ የመሰለች ብረት ጨብጣ ትወርዳለች። ቁልቁል ሲኬድ ሎኩን ሞልታ የላይኛውን በር ትከፍታለች፤ ጀልባዋ ስትገባ በሩንም የላይ ማፍሰሻዎቹንም (ውሃ የሚያስገቡና የሚያስወጡ መዝጊያዎች ናቸው) ትዘጋለች፤ ከዚያ የታች ማፍሰሻዎችን በብረቷ እያዞረች ታነሣለች። ውሃው በሁለቱም ወገን እኩል እስኪሆን ድረስ አሥር ጎረምሳ ቢገፋው በሩ ንቅንቅ አይልም። እኩል ሲሆን ጀርባዋን ከበሩ ለተዘረጋው ግንድ ሰጥታ፣ መሬቱ ላይ ጎበጥ ጎበጥ ብለው የተተከሉትን ጡቦች በጫማዋ ረግጣ ስትገፋ፣ እያቃሰተ ይከፈታል።

የካፒቴኑ ሥራ አንድ ነው፦ የጀልባዋን ኋላ በሎኩ ግድግዳ ላይ ከተሰመረው ነጭ መስመር ወደ ፊት ማቆየት። ከላይኛው በር ሥር የድንጋይ ደፍ አለ። ስልኩን ሲጎረጉር ጀልባዋ ወደ ኋላ ከተንሸራተተች ኋላዋ ደፉ ላይ ይቀራል፣ አፍንጫዋ ከውሃው ጋር ይወርዳል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ትሰጥማለች። ያኔ የታች ማፍሰሻዎችን ወዲያው ዘግቶ ከላይ በዝግታ ውሃ መመለስ ነው። ይህንንም የምትሠራው እሷ ናት። የእሱ ድርሻ መጮህ ነው።

ማኖቤላዋን የማፍሰሻው ዘንግ ላይ ትቶ መሄድ ክልክል ነው፤ ማገጃው ከተንሸራተተ ተሽከርክራ መንጋጋ ትሰብራለች። ውሃ ውስጥም ትወድቃለች፤ ልምድ ያላቸው ገመድ ያሰሩበት ማግኔት የሚይዙት ለዚህ ነው። አንድ ሎክ በወረዱ ቁጥር ወደ 100,000 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወርዳል፤ ማፍሰሻ ሳይዘጋ ያደረ እንደሆነ ከላይ ጀልባቸውን ያሰሩ ሰዎች ጭቃ ላይ ተጋድመው ይነቃሉ።

ቦዩ እ.ኤ.አ. በ1816 ተጠናቀቀ፤ ደቡባዊው ክፍሉ ኋላ ከጥቅም ውጭ ሆኖ፣ በ1964 ታድሶ ተከፈተ። ጭቃውን ከዛቁት መካከል እስረኞች ነበሩበት። እነሱ ቢያንስ አልከፈሉም።

መሪ መያዝ ግማሽ ሰዓት ቢለማመዱት የሚለመድ ነገር ነው፦ ዘንጉ ወደ ግራ ሲገፋ አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ትዞራለች፤ ፍሬን ስለሌላት ማርሹን ወደ ኋላ አስገብቶ ማቆም ነው። በየሎኩ መቀያየር ይቻላል ማለት ነው። ግን ኮፍያው አንድ ነው።

ዊልምኮት የምትባል መንደር ላይ 11 ሎክ በተከታታይ ይመጣል። እዚያ ወሬ ይቆማል። እስከ ስትራትፎርድ ድረስ «ክፈቺ» እና «እሺ» ብቻ ነው የሚሰማው።

ከቲያትር ቤቱ አጠገብ፣ ወደ ኤቨን ወንዝ በሚያወጣው የመጨረሻ ሎክ፣ አይስክሬም የያዘ ቱሪስት ግራና ቀኝ ቆሞ ይጠብቃል። ካሜራው ሁሉ ወደ ካፒቴኑ ይዞራል። እሱም ኮፍያውን ያነሣል። ሚስት በሩን ዘግታ፣ ማፍሰሻዎቹን አውርዳ፣ የእጇን ግራሶ በሱሪዋ እየጠረገች ስትሳፈር «ቆሞ መዋል እንዴት ያደክማል!» ይላታል።