ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቀረ የለም

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ ወደ አገር አይገቡም አለ። ከዚያ ወዲህ ቪትዝ መኪናነቷ ቀርቶ ቅርስ ሆነች። ድሮ "ትንሽ ልያዛትና እቀይራታለሁ" ይል የነበረ ሰው አሁን "ለልጄ አወርሳታለሁ" እያለ ነው። ቅርስ ደግሞ ለማንም መካኒክ አይሰጥም። የእኛም ሰፈር ሰው አንድ በአንድ "ራሴ እሠራታለሁ" ማለት ጀመረ።

ራሴ እሠራታለሁ ያለ ሰው መጀመሪያ መርካቶ ይሄዳል። መኪናዋን አይቶ ምን እንደጎደላት ማወቅ በኋላ ይደርሳል። ቅድሚያ ዕቃ ነው። ሻጩ የመፍቻ ሳጥኑን ከፈት ሲያደርግለት ልቡ ይሰረቃል። 108 ፍሬ ብረት በየጎድጓዳው ተጋድሞ ያበራል።

"የየት አገር ነው?"

"የጀርመን።"

"እዚህ ታች ቻይና ይላል።"

"ጥራቱ ነው የጀርመን፣ ወንድሜ።"

ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ምክንያቱም ገዢው ውስጡ ከገዛ ቆይቷል። ከ108ቱ ውስጥ ቪትዝ ላይ የዘወትር ሥራ የሚያገኙት 10፣ 12፣ 14 እና 17 ቁጥሮች ናቸው። የቀሩት ሥራ ሳይጀምሩ ጡረታ ይወጣሉ። ዋጋቸው ግን አብሮ ተከፍሏል።

ሳጥኑን ከማድነቅ ይልቅ ቡሎኑ ራስ ላይ የሚገባውን ክብ መፍቻ፣ ቡሶላውን፣ አንስቶ ውስጡን አጮልቆ ማየት ነበር የሚሻለው። ባለ 6 ማዕዘኑ የቡሎኑን ጎን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ባለ 12ቱ ግን ዝገት የያዘው ግትር ቡሎን ሲገጥመው ጠርዙን ልጦ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ቡሎን አንዴ ከተላጠ መንገዱ የታወቀ ነው። ፓፓጋሎ ይመጣል፣ ከዚያ መሮና መዶሻ፣ ከዚያ ብየዳ፣ በመጨረሻ ያው ጋራዥ። መካኒኩም "ማን ነካካው?" ይላል። ሁሉም ሰማይ ሰማይ ያያል።

ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ደግሞ የመፍቻው ጣጣ አለው። ከአባቱ አሮጌ ዲኤክስ መኪና የተረፈው 21 ቁጥር ነው። ቪትዟ የምትፈልገው ቀጭኑን፣ 16ቱን ነው። "ትንሽ ጨርቅ ጠቅልለህበት ሞክረው" የሚል አማካሪ ግን አይጠፋም።

ቡሎን በልኩ የሚያጠብቅ፣ መለኪያ ያለው መፍቻም አለ። ይህን ማንም አይገዛውም። ለትንንሾቹ ቶዮታዎች የዘይት መውጫ ቡሎን 38 ኒውተን ሜትር ገደማ በቂ ነው። እኛ ሰፈር መለኪያው የአጥባቂው ፊት ነው። ፊቱ ካልቀላና የአንገቱ ሥር ካልተገተረ "ገና ነው፣ ጨምርበት" ይባላል። ታዲያ የቡሎኑ ጥርስ ሲበላ "አሉሚኒየሙ ቻይና ነው" ብለን እንገላገላለን።

ወደ ዘይት እንለፍ። ሻጩ ወፍራሙን ያነሳና "ይሄ ለአሮጌ ሞተር ነው፣ ያቅፈዋል" ይላል። እቅፉ ምን ላይ እንደሚጠቅም ጠይቆት የሚያውቅ የለም። የመኪናዋ መጽሐፍ ስለ ውፍረቱ የሚለው አለ። ችግሩ መጽሐፉ በጃፓንኛ መሆኑ ነው። ደግሞ የቪትዝ ሞተር የሚይዘው ከ4 ሊትር በታች ስለሆነ ከጀሪካኑ ትንሽ ይተርፋል። "ከምትባክን" ብሎ እሷንም የሚጨምር ሞልቷል። ቆጣቢ ነው። ከመጠን ያለፈ ዘይት ግን በሚሽከረከረው ብረት እየተመታ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ አያለሰልስም።

ባዶው ጀሪካንስ? "ቆራሌው!" የሚል ድምፅ ከመንገድ ይሰማል፣ ጀሪካኑም ከነክዳኑ፣ ከነንጹሕ ምልክቱ ይሸጣል። ከዚያ ወር ቆይተን ሱቅ ውስጥ የተሞላ ጀሪካን ገልብጠን "ይሄ ነገር ኦሪጅናል ነው?" እያልን እንመረምራለን። እኔ ባዶውን በሚስማር በስቼ ነው የምሰጠው። ቆራሌው ደስ አይለውም። ግን ዋጋ ቀንሶም ቢሆን ይወስዳል።

ሁሉም የሚንቀው ዕቃ የራዲያተር ክዳን ነው። በኔ ግምት ለአዲስ አበባ ነጂ ከዚያ ከ108ቱ ብረት እሱ ይበልጥበታል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር ደግሞ የሚሠራው እዚያው ሙቀት ዙሪያ ነው። ታዲያ ውሃው እንዳይንፈቀፈቅ የሚያደርገው ያ ትንሽ ክዳን ነው። ግፊቱን አምቆ ይይዝና የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ወደ ላይ ይገፋዋል። ላስቲኩ ከደረቀ ግፊቱ ይተነፍሳል፣ መኪናዋም ዳገት ላይ ታጨሳለች። ባለቤቷ ምን ያደርጋል? ክዳኑን ትቶ ራዲያተር ያስለውጣል፣ የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ ያስወርዳል። ክዳኑ አሮጌው ተመልሶ ይገጠማል። "እሱማ ደህና ነው" ተብሎ።

ለራዲያተሩ ከውሃ ይልቅ ኩላንት ግዛ ስትለው ደግሞ "አዲስ አበባ በረዶ የለም" ብሎ ይመልስልሃል። ልክ ነው፣ አይቀዘቅዝም። ዝገት ግን በረዶ አይጠብቅም። የቧንቧ ውሃ የጠጣ ራዲያተር ውስጡን ብታየው ቀይ ወጥ ነው።

ክሪክ ላይ ቀልድ የለኝም። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር መግባት ሞትን መለመን ነው። ድንጋይና ብሎኬትም ያው ነው፣ ብሎኬት ሲሰነጠቅ አያስጠነቅቅም። ጠንካራ የብረት መቆሚያ ጥንድ ግዛ። ከሌለህ ሥሩ አትግባ።

አሁን ዕቃው ተሟልቷል። ቅዳሜ ጠዋት ኮፈኑ ይከፈታል። የሰፈራችን ሰው ለለቅሶ እንኳ እንዲህ ፈጥኖ አይደርስም።

መጀመሪያ የሚመጣው የቀድሞው የላዳ ታክሲ ነጂ ነው። ሞተሩን ሳያይ "ካንዴላ ነው" ይላል። እሱ ዘንድ ካንዴላ ያልሆነ በሽታ የለም። ቀጥሎ ዘበኛው፦ "ጋሼ፣ ነዳጁ ውሃ ተቀላቅሎበት ነው።" ስልኩን የያዘው ወጣት "ሴንሰር ነው" ይላል፣ የትኛው እንደሆነ ሲጠየቅ "ዋናው" ብሎ ይመልሳል። የቼክ ኢንጂን መብራት ለምን በራ ተብሎ ሲመከር ደግሞ ጎረቤትየው መፍትሔውን ከኪሱ ያወጣል። የቁስል ፕላስተር። የእሱ መኪና ላይ ከለጠፈው ቆይቷል፣ "አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም" ይላል።

የዚህን ሁሉ ክርክር ግማሽ የሚገላግለው አንድ ርካሽ ቴስተር ነበር። ሞተሩ ሳይነሳ ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ባትሪው ሞልቷል። ተነስቶ 14 ገደማ ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። ነገር ግን ቴስተር ጨዋታ ያበላሻል። ሁለት ደቂቃ ውስጥ መልሱ ታውቆ ቢያልቅ ያ ሁሉ ሰው ቅዳሜውን ምን ሊሠራበት ነው? ቡናውስ ለማን ሊፈላ ነው?

እያንዳንዱ አማካሪ ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም። "የ10 ቁልፏን ላንዴ" ይላል አንዱ። ካቻቪቴዋ ለሳተላይት ዲሹ ትሄዳለች፣ ፒንሳዋ ለውሃ ቧንቧው። ወር ሳይሞላ ባለ 108ቱ ሳጥን ውስጥ ጎድጓዳዎቹ ብቻ ይቀራሉ። ባለቤቱ የራሱን ቁልፍ ለመዋስ ጎረቤት ይሄዳል፣ እዚያም "ቶሎ መልሳት እንጂ" ተብሎ ይሰጠዋል። አመስግኖ ይቀበላል።

ሁሉም ተበትኖ ዘይት ሲቀየር እስከ መጨረሻው የምትጠብቅ አንዲት ሰው አለች። እትዬ፣ ከግቢው ጫፍ። ባዶ ባልዲ ይዘው ቆመዋል። ስለ ካንዴላም ስለ ሴንሰርም አስተያየት የላቸውም። የአጥራቸውን እንጨት ምስጥ እየበላባቸው ነው፣ የሚፈልጉት የተቃጠለውን ዘይት ነው። ጥቁሩ ዘይት ባልዲው ውስጥ ወርዶ ሲያልቅ ጎንበስ ብለው መጠኑን ያያሉ። ቅር ይላቸዋል።

"ይቺ ብቻ ናት?"

"ሞተሯ ትንሽ ናት እኮ፣ እትዬ።"

"የፊት ለፊቱን እንኳ አትቀባም። የሚቀጥለው መቼ ነው የምትቀይረው?"

"5,000 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ነዋ።"

"ታዲያ ምን ትጎለታለህ ልጄ፣ ንዳት እንጂ!"