ጥቁሯን ዓሣ የቸገራት ዱቄት አይደለም

አንድ ወዳጄ ጓሮው ውስጥ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለውን ዓሣ ያረባል። ባለፈው ሄጄ ፉርሽካና ፋጉሎ ደባልቆ ሲበትንላቸው አየሁ። ውሃው ተተራመሰ። ትልልቆቹ መሃሉን ያዙት። ጥግ ላይ ግን አንዲት ጠቆር ያለች ዓሣ ክንፏን ሰብስባ ቆማለች፤ ወደ መኖው ዝር አላለችም። «ይቺ ዘሯ ሌላ ነው እንዴ?» አልኩት። «ኧረ ዘሯስ ያው ነው፤ ጉልበተኞቹ አባረዋት ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ቆሮሶ ሲሸነፍ ይጠቁራል። ከውስጥ ደግሞ ኮርቲሶል ይጨምራል፤ እኛ ስንጨነቅ የሚጨምረው ያው ሆርሞን። ነገሩ ከቆየ ዓሣው አያድግም፣ በሽታም ቶሎ ይጥለዋል። ስለዚህ የዓሣ ጭንቀት የርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የኪስም ጉዳይ ነው።

ወዳጄ መፍትሔ አግኝቻለሁ ብሎ ስልኩን አወጣ። መኖ ላይ ተነስንሶ ዓሣን «የሚያረጋጋ» ዱቄት፣ ትሪፕቶፋን የሚባል የፕሮቲን ንጥረ ነገር ያለበት።

ባዶ ወሬ ነው አልልም። አንጎል ስሜትን የሚገራውን ሴሮቶኒን የተባለ ኬሚካል የሚሠራው ከትሪፕቶፋን ነው። ሬይንቦ ትራውት በተባለ ዓሣ ላይ (እኛም አገር ባሌ ወንዞች ውስጥ አለ) በተደረገ ሙከራ፣ ይህ የተጨመረበትን መኖ ለ7 ቀን የበሉት ጠበኝነታቸው ቀንሷል። ለ3 ቀን ብቻ የበሉት ግን ምንም አልተለወጡም።

እኔን የያዘኝ እዚህ ላይ ነው። ሳምንት የሚፈልግ ነገር የሚጠቅመው ቀኑ ለታወቀ ጭንቀት ነው። ለምሳሌ ዓሣ በመረብ ተይዞ በመጠን ሲለይ፣ ወይም ጫጩቱ ኦክስጅን በተሞላ ፌስታል ታስሮ መኪና ላይ ሲጫን። ለዚያ ቀን አስቀድሞ ማብላት ያስኬዳል። ሊነጋጋ ሲል ለሚመጣው መታፈን ግን ምን ሊያደርግ? ሌሊቱን ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌም ዓሣውም ኦክስጅኑን ሲሻሙ አድረው፣ ጎሕ ሲቀድ ዓሣው አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ያለከልካል። ያኔ የሚያስፈልገው ንጹሕ ውሃ ወይም ፓምፕ ነው።

ደግሞም ዓሣ አይጮኽም። መጥቆሩና መኖ መተዉ ነው አቤቱታው። ውሃው ሳይስተካከል እሱን ብቻ ካረጋጋነው አቤቱታውን አፈንነው እንጂ ችግሩን አልነካነውም።

ከዱቄቱ በፊት ተራውን መኖ ብናይስ? በቆሎ የበዛበት ድብልቅ ራሱ ትሪፕቶፋን ያንሰዋል፤ አኩሪ አተር ቢገባበት ብዙ ይሻሻላል። ቫይታሚን ሲንም አብዛኞቹ ዓሦች ራሳቸው መሥራት አይችሉም። ሲጎድላቸው አከርካሪያቸው ይጎብጣል። ቫይታሚኑ ደግሞ ሙቀትና ረጅም ክምችት አይችልም። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ወራት የከረመ የመኖ ከረጢት ላይ ውድ ማረጋጊያ መነስነስ፣ እንደ እኔ ገንዘብ መበተን ነው።

ወዳጄ ዱቄቱን ለጊዜው ትቶታል። ለጾሙ ገበያ የደረሱትን ትልልቆቹን አውጥቶ ሸጠ፤ መኖውንም በአንድ ቦታ መጣሉን ትቶ ሦስት ቦታ ይበትናል። ጠቆር ያለችው እስካሁን ጥጓን አልለቀቀችም። ግን መኖው አሁን እዚያው ድረስ ይደርሳታል።